«ይነገራት ወይስ አይነገራት?» የነርስ ተማሪዎችና የላይብረሪው ጥቅም

በአሜሪካ የነርስነት ሙያ የሚማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሌሊት በነርሲንግ ሆም ተረኛ ሆነው አድረው ጠዋት ክፍል የሚገቡ፣ ከነርስ ረዳትነት ወደ ኤል.ፒ.ኤን.፣ ከዚያም ወደ አር.ኤን. ለመሸጋገር የሚጣጣሩ፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው ደብተር የሚገልጡ እናቶች ሁሉ አሉባቸው። የሰውነት ክፍሎችን ስምና የመድኃኒት ስሌቱን በትጋት ይወጡታል። ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው በሕክምና ሥነ ምግባር ላይ ጽፋችሁ አምጡ የሚባለው ድርሰት ነው። አስተማሪው «የራሳችሁን ስሜት ሳይሆን በባለሙያዎች የተመረመሩ አምስት ጽሑፎች ጠቅሳችሁ ተከራከሩ» ይላሉ። አምስቱ ጽሑፍ ከየት ይመጣል?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ይዘን ብንሄድ ይሻላል፤ ይኸውም በየቤታችን የሚያከራክረን ጉዳይ ነው። እናት ካንሰር ተገኘባት፤ ለእሷ ይነገራት ወይስ አይነገራት? በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው የሚረዳው። የአሜሪካው ሐኪም ግን ወረቀቱን ገልጦ ለበሽተኛዋ ፊት ለፊት ይነግራታል። ልጆቿ «ተስፋዋን ቆረጡባት» ብለው ያዝናሉ። ነርሷ አበሻ ከሆነች ደግሞ ከሁለት በኩል ትወጠራለች። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ያገኛትና «እባክሽ እህቴ፣ ባህላችንን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እንዳይነግሯት አድርጊልን» ይላታል። የሙያዋ ደንብ ደግሞ በሽተኛን መዋሸት አይፈቅድላትም። ይህን ርእስ መርጦ የሚጽፍ ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹ ይልቅ የሚናገረው ነገር አለው። የሚጎድለው ማስረጃው ነው።

የመጀመሪያው በር የሰፈሩ ሕዝባዊ ላይብረሪ ነው። መታወቂያና አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ለሄደ የአካባቢው ነዋሪ ካርዱ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ላይብረሪ መጽሐፍ ከመዋስና ከመመለስ ያለፈ ጥቅም ያለው አይመስለውም። እዚያ ግን «ሪፈረንስ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ባለሙያ አለ፤ ሥራው ሰዎች ለሚጠይቁት ጥያቄ መልሱ የት እንደሚገኝ ፈልጎ ማሳየት ነው። የእኛ ሰው ማስቸገር ይከብደዋልና ጠረጴዛውን ዞሮ ያልፈዋል። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል ብሎ የሚያፍርም አለ። ሆኖም ባለሙያው የሚከፈለው ለዚሁ ነው። ጥያቄው ግን ጠበብ ማለት አለበት። «ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር መጽሐፍ እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ «ሐኪም ለካንሰር በሽተኛ እውነቱን መንገር አለበት ወይ? የስደተኞች ባህልስ እንዴት ይታያል?» ያለ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል።

መደርደሪያው ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አብዛኞቹ ሕዝባዊ ላይብረሪዎች በሚሠሩበት በዲዊ አመዳደብ ሕክምና በ610፣ ነርስነት በ610.73 ሥር ሲገኝ፣ የሕክምና ሥነ ምግባር ግን ርቆ ከፍልስፍናው ጋር በ174.2 ላይ ተቀምጧል። 610ን ከዳር እስከ ዳር ፈትሾ «መጽሐፍ የላቸውም» ብሎ የወጣ ተማሪ የፈለገው ከሌላ ሰፈር ነው። የኮሌጅ ላይብረሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የኮንግረስ ላይብረሪን አመዳደብ ስለሚከተሉ የሐኪሞቹ ሥነ ምግባር በአር 724፣ የነርሶቹ በአር.ቲ. 85 ላይ ይፈለጋል። ከዚያ መደርደሪያ አስቀድሞ መውረድ ያለበት ቶም ቢቻምና ጄምስ ቻይልድረስ በ1979 ያሳተሙትና በ2019 ለስምንተኛ ጊዜ የወጣው «ፕሪንሲፕልስ ኦቭ ባዮሜዲካል ኤቲክስ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊዎቹ ነገሩን በአራት መርሖች ይመዝኑታል፤ የበሽተኛው በራሱ የመወሰን መብት፣ በጎ ማድረግ፣ ጉዳት አለማድረስና ፍትሕ ናቸው። አስተማሪዎች እነዚህን አራቱን በድርሰት ውስጥ ማየት ይወዳሉ። መጽሐፉ ከባድ ነውና ሁሉን ላንብብ ማለት አያስፈልግም፤ ከመጨረሻው ማውጫ ስለ እውነት መናገር የተጻፈበትን ገጽ ፈልጎ እሱን ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል።

መጽሐፉ መነሻ ነው፤ አስተማሪው የጠየቋቸው ጽሑፎች ያሉት በሙያ መጽሔቶች ውስጥ ነው። ጆን ሾው ቢሊንግስ የተባሉት የአሜሪካ ጦር ሐኪምና የላይብረሪ ኃላፊ በ1879 የዓለምን የሕክምና ጽሑፎች በዝርዝር ማሳተም ጀመሩ። የእሳቸው ላይብረሪ አድጎ ዛሬ ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ያለው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሆነ፤ ዝርዝሩም ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሮ ከ1997 ጀምሮ ፐብሜድ በሚል ስም ለማንኛውም ሰው በነፃ ተከፈተ። ከ30 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተመዝግበውበታል። ቤተዝዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ላይብረሪ ኮምፒዩተር ይበቃል።

ፐብሜድን የማያውቅ ሰው «ካንሰር» ብሎ ይጽፍና ዕድሜ ልኩን አንብቦ የማይጨርሰው ዝርዝር ይዘረገፍበታል። ብልሃቱ «ሜሽ» የሚባለውን የርእስ ቃላት መዝገብ ማወቅ ነው። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ርእስ በአንድ ቋሚ ስም መዝግበውታል፤ ለበሽተኛ እውነቱን የመንገር ጉዳይ «ትሩዝ ዲስክሎዠር» ይባላል፤ በሽተኛው ተረድቶ የሚሰጠው ፈቃድ «ኢንፎርምድ ኮንሰንት»፣ አስቀድሞ የሚጻፍ የሕክምና ኑዛዜ «አድቫንስ ዳይሬክቲቭስ» ነው። ከእነዚህ አንዱን ከ«ኢትዮጵያ» ወይም ከ«ሬፊውጂስ» ጋር «ኤንድ» በሚለው ቃል አጣምሮ መጠየቅ ነው። ከዚያ በጎን በኩል ሙሉ ጽሑፉ በነፃ የሚገኘውን ብቻ የሚለየውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት።

እንዲህ ተደርጎ ሲፈለግ ምን ይገኛል? ከሁሉ በፊት የራሳችን ሰው ሥራ ይገኛል። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁሯ ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 «ዌስተርን ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ላይ ለኢትዮጵያውያን በሽተኞች ክፉ ወሬን ስለ መንገር ጽፈዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ሐኪሙ ወሬውን አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ቢነግር፣ ያም ሰው በሚገባው ሥርዓት ለበሽተኛው ቢያደርስ በእኛ ዘንድ ተገቢ መሆኑን ለአሜሪካ ሐኪሞች ማስረዳት ነው። ኮሪደር ላይ በልመና የሚነገረው ነገር እዚህ በሙያው ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉ በነፃ ይነበባል፤ ርእሱን የመረጠ ተማሪ ይህን ሳያነብ ባይጀምር ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የሚያስገርመው የአሜሪካኖቹ የራሳቸው ታሪክ ነው። ዶናልድ ኦከን የተባሉ ሐኪም በ1961 በጃማ መጽሔት ባወጡት ጥናት መጠይቁን ከመለሱት 219 ሐኪሞች 90 በመቶው ለካንሰር በሽተኛ አለመንገርን እንደሚመርጡ ገልጸው ነበር። በ1979 በዚያው መጽሔት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። እንግዲህ «የፈረንጅ ባህል» የምንለው ነገር ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ የተገለበጠ ልማድ ነው። ያለ ምክንያትም አልተገለበጠም። በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ገበሬዎች በሽታቸው በትክክል ሳይነገራቸው፣ መድኃኒቱም ከተገኘ በኋላ ሳይሰጣቸው ለጥናት ተይዘው ኖረዋል። በዚያ ሥራ ላይ ዩኒስ ሪቨርስ የተባለች ጥቁር ነርስ ለዓመታት አገልግላለች፤ የእሷ ጉዳይ ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል። ለበሽተኛው ይነገር የሚለው ሕግ ከዚህ ዓይነቱ በደል መማርም እንዳለበት ሳያውቅ «ፈረንጅ ርኅራኄ የለውም» የሚል ድርሰት ሚዛኑን ያጣል።

በሌላ በኩል ለእኛ የሚያግዙ ጥናቶችም አሉ። በ1995 ጃማ ላይ የወጣው የብላክሆልና የጓደኞቿ ጥናት በሎስ አንጀለስ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 800 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ለከፋ ካንሰር በሽተኛ ይነገረው ያሉት ከአውሮፓ ዘር አሜሪካውያን 87 በመቶ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 88 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሜክሲኮ ተወላጆች 65 በመቶ፣ ከኮሪያ ተወላጆች 47 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ ግን አንባቢ ቁጥሩን በጥንቃቄ ይመልከት፤ ከኮሪያውያኑ ግማሽ የሚጠጉት ይነገረው ብለዋል። «ባህላችን ነው» ብሎ ለሁሉም መወሰን አይቻልም፤ የእኛም እናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

መውጫውን ያሳየው በእኔ ግምት ቤንጃሚን ፍሪድማን በ1993 የጻፉት ጽሑፍ ነው። እውነቱን መጫንም መደበቅም ሳይሆን ማቅረብ ይገባል ይላሉ። ማለትም በሽተኛዋ አስቀድማ ትጠየቃለች፤ «ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ለማንስ እንድንነግርልሽ ትወጃለሽ?» ይሏታል። «ለታላቅ ልጄ ንገሩት፣ እሱ ያውቃል» ካለች የወሰነችው እሷ ናት፤ መብቷም ልማዷም ተጠበቀ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም ሳታውቅና ሳትፈቅድ መደበቅን ይከለክላል፤ ፍላጎቷን አስቀድሞ መጠየቅን ግን ይደግፋል። ለነርሶች የሚሠራው የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ደንብ ሲሆን፣ በ2025 ታድሶ በአሥር አንቀጾች ወጥቷል፤ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። የቆየ መጽሐፍ ላይ ዘጠኝ አንቀጽ ያየ ተማሪ አዲሱን ይመልከት።

ነርሶች ራሳቸው የጻፉትን ለማግኘት ከፐብሜድ ይልቅ ሲናል የሚባለው መዝገብ ይበልጣል። ኤላ ክራንዳል የተባለች የሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ላይብረሪያን በ1940ዎቹ የነርስነት ጽሑፎችን በትንንሽ ካርዶች ላይ መመዝገብ ጀመረች፤ መዝገቡ በ1961 ታተመ፣ አሁን በኮምፒዩተር ነው። ይህ በነፃ አይደለም፤ ኮሌጁ ከፍሎበት ለተማሪዎቹ ያቀርበዋል። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ደግሞ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ስለሚያስነብቡ ደውሎ መጠየቅ ይችላል። አንድ ጽሑፍ 40 ዶላር ካልከፈላችሁ አናሳይም ቢል ቦርሳ አያውጡ። «ኢንተርላይብረሪ ሎን» የሚባለውን ቅጽ ይሙሉ፤ ላይብረሪው ከሌላ ላይብረሪ ያስመጣልዎታል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተሩን አናግረው ድርሰቱን የሚያስጽፉ ተማሪዎች አሉ። ማሽኑ ያልተጻፈ ጽሑፍ፣ የሌለ ደራሲና የሌለ ገጽ ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ይጠቅሳል። ርእሱን ፐብሜድ ላይ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እዚያ ያለ ጽሑፍ ሁሉ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥር ያልተገኘለትን ላይብረሪያኗ እስክታጣራው ድረስ አይጥቀሱት።

ይህ ሁሉ ለተማሪ ብቻ አይደለም። በ1990 ወጥቶ በታኅሣሥ 1991 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች በሽተኛው ሲገባ ሕክምናን የመቀበልና ያለመቀበል መብቱን፣ ራሱን ሲስት የሚወስንለትን ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ የመሰየም መብቱን ሊያሳውቁት ይገባል። ብዙዎቻችን ያንን ወረቀት ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር አብረን ፈርመን እናልፈዋለን። እናት ደህና ሳለች፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ለማን ይነገርልሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቅጹን የሪፈረንስ ጠረጴዛው ፈልጎ ያትምልዎታል። ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሜሪላንዱን ለቨርጂኒያ እንዳይወስዱ፣ እናትዎ የሚኖሩበትን ስቴት ስም ጠቅሰው ይጠይቁ።