ወረቀት ላይ ብርድ ማንንም አይገድልም

አንድ ቀን «የሕፃናት ሞት በእጅጉ ቀነሰ» ይባላል፤ በሌላው ቀን «የጨቅላ ሕፃናት ሞት አሁንም አሳሳቢ ነው» ይባላል። ግራ ቢገባችሁ አይፈረድባችሁም፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው። «ከአምስት ዓመት በታች» የሚባለው ቁጥር ከውልደት እስከ አምስተኛ ዓመት ያለውን ሞት በሙሉ ይጠቀልላል፤ «የጨቅላ» የሚባለው የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት ብቻ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ 59 ደርሷል። ክትባቱ፣ ኦ.አር.ኤሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት እዚህ ላይ ይታያል። የጨቅላዎቹ ቁጥር ግን በ2000 49፣ በ2016 29፣ በ2019 ደግሞ 33 ነበር። የመጨረሻዋ ጭማሪ የናሙና ጉዳይ ልትሆን ትችላለች እንበል። ያም ሆኖ በ2019ኙ ቁጥር መሠረት ከሚሞቱት ሕፃናት ከግማሽ በላዩ አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም ማለት ነው።

ይህ የሆነው ደግሞ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ከመቶ 26 ወደ 48 ባደገባቸው ከ2016 እስከ 2019 ባሉት ሦስት ዓመታት ነው። «ጤና ጣቢያ መጥታችሁ ውለዱ» ስንል የጠበቅነው ይህን አልነበረም።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የባለሙያ እጥረት፣ የአምቡላንስ መዘግየት፣ የመሣሪያ አለመኖር ይዘረዘራል። አይካድም። እኔን የሚከነክነኝ ግን እምብዛም ስሙ የማይነሳው ብርድ ነው።

በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ነበር። ከሟቾቹ ከመቶ 45ቱ በሳንባ አለመዳበር ሳቢያ በሚመጣ የመተንፈስ ችግር፣ 30ዎቹ በኢንፌክሽን፣ 14ቱ በመታፈን እንደሞቱ አገኘ። የሰውነት ሙቀት መውረድስ? ዋነኛው «አጋዥ ምክንያት» ተብሎ ተመዘገበ። ለሐኪም ይህ አመዳደብ ትክክል ነው። በጀት የሚመድበው ሰው ግን የሚያነበው የመጀመሪያውን ረድፍ ነው፤ አጋዡን ማን ያየዋል?

ሕፃን እርጥብ ሆኖ ይወለዳል። በደቂቃዎች ውስጥ ካልደረቀ ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ራሱን ለማሞቅ ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ያቃጥላል፤ ይደክማል፤ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፤ ያልጠባ ሕፃን ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። በሦስተኛው ቀን ሲሞት ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ኢንፌክሽን» ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ሕፃኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያው ይታጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት እጥበቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል። አያቶችን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ ማዋለጃ ክፍሉም 25 ዲግሪ መሞቅ ነበረበት፣ በእኛ ደጋ ግን ሌሊት አዋላጇ ራሷ ሹራብ ደርባ ነው የምትሠራው። ቴርሞሜትሩም አያግዛትም። የተለመደው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር የተሠራው ለትኩሳት ነው፤ ንባቡ የሚጀምረው ከ35 ስለሆነ 33 የወረደን ሕፃን ከ35ቱ አይለይም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ሕፃኑን ራቁቱን እናት ደረት ላይ አጣብቆ ማቆየት፣ ካንጋሩ ማዘር ኬር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረ ነው። እኛም ዘንድ አዲስ አበባ ላይ ተፈትኗል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት አነስተኛ ክብደት ይዘው ከተወለዱት ውስጥ በተለመደው እንክብካቤ ከመቶ 38ቱ ሲሞቱ፣ ቶሎ እናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት የሞቱት 22 ግድም ነበሩ። ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

«ወጪ የለውም» ስለሚባል ይመስለኛል። ወጪው የእናት ነውና አይታይም። በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሕፃን ደረቷ ላይ የምታቆይ አራስ አልጋ ትፈልጋለች፤ ገንፎዋን ሠርቶ የሚያመጣላት፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ከሩቅ ወረዳ በሪፈር የመጣችው ኮሪደር ላይ አንጥፋ ታድራለች፣ በሦስተኛው ቀን «ፈርሙልኝና ልሂድ» ትላለች። ኢንኩቤተር ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፤ ለአራስ አልጋና ምግብ ሪባን የቆረጠ ኃላፊ አላየሁም። ኢንኩቤተሩም ቢሆን ሁለት ሦስት ሕፃናት አንድ ላይ ሲተኙበት ኢንፌክሽን ያጋባል፣ መብራት ሲጠፋም ይቀዘቅዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ይህ እንክብካቤ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከውልደት ጀምሮ ይሁን ብሏል። ይህም እናትን ራሷን ጨቅላ ሕፃናት በሚታከሙበት ሙቀት ክፍል ውስጥ አስተኝቶ ማከምን ይጠይቃል። ብዙዎቹ ሙቀት ክፍሎቻችን እናትን የሚያስገቡት በማጥቢያ ሰዓት ነው፤ ለአልጋዋ የሚሆን ቦታ ሲሠሩም አልተተወላቸውም። አሁን ንድፋቸው የሚሠራላቸው ሆስፒታሎችም በዚያው መልክ ከተገነቡ ለሚቀጥሉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ከዚህ ጋር እንኖራለን።