የጓሮ ጎመን ጠላቶች፦ ተረትና እውነታ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባሉ ግቢዎች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚተከሉት ከቤቱና ከአጥሩ መካከል በምትተርፈው ጠባብ መሬት ላይ ነው። ጎረቤት ዶሮ ያረባል፤ ለበዓል የተገዛው በግ እዚያው ይታሰራል፤ አይጥም አይታጣም። ጓሮን የመጠበቂያ ብልሃት በየደጃፉ ይወራል፤ ከፊሉ ይሠራል፣ ከፊሉ ልፋት ብቻ ነው።

ብዙው ልፋት የሚመጣው ጥፋተኛውን ካለመለየት ነው። ጠዋት ችግኝ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ሲገኝ የሚታማው የጎረቤት ዶሮ ነው። ዶሮ ግን ቅጠል ትቦጭቃለች፣ አፈር ትጭራለች እንጂ ቆርጣ ጥላ አትሄድም። አፈሩ ሳይነካ ግንዱ ብቻ ከተቆረጠ፣ ከሥሩ በጣት ገለጥ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተጠቅልሎ የተኛ ቆራጭ ትል ነው። የሚበላው ሌሊት ነው፤ አጥርም አያግደውም። ቅጠሉ ላይ የሚያብረቀርቅ የደረቀ ልጋግ ካለ ደግሞ ቀንድ አውጣ አልፎበታል።

«ሚጥሚጣ የተነሰነሰበትን ጓሮ ዶሮም ወፍም አይደፍርም» ይባላል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ አጥቢ እንስሳትን ይለበልባል፣ ወፎች ግን አይሰማቸውም። በዱር የሚበቅለውን በርበሬ ዘር የሚያሰራጩት ራሳቸው ወፎች ናቸው። ዶሮም ወፍ ናትና ቃሪያውን ከነፍሬው ለቅማ ትሄዳለች። በግንና አይጥን ለጊዜው ቢያሸሽም የሐምሌ ዝናብ በአንድ ሌሊት ያጥበዋል። የበርበሬን ዋጋ ለሚያውቅ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እበት በጥብጦ ችግኝ ላይ መርጨት የተሻለ ብልሃት ነው፤ ከብት በእበት የተበከለ ቅጠል ይጸየፋል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም፤ እበት የተቅማጥ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላል። አሮጌ ኮት የለበሰ ማስፈራሪያም ሆነ የተንጠለጠለ ሲዲ ወፍ እስኪለምደው ድረስ ይሠራል፤ ቦታው ከተቀያየረ ትንሽ ይቆያል።

«ድመት ካለች አይጥ የለም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ድመት ታድናለች፤ ፍርፋሪና መደበቂያ እስካለ ግን አይጥ አያልቅም። ድመቷም አዲስ የተቆፈረ መደብ ላይ መጸዳዳት ትወዳለች፤ ዓይነ ምድሯ በተለይ ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋውን ቶክሶፕላዝማ ሊይዝ ይችላል። መርዝም የራሱ ጣጣ አለው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ነው፤ «አልሠራም» ተብሎ ይጨመራል። የተመረዘውን አይጥ የበላ ድመት፣ ውሻ ወይም ጉጉት አብሮ ሊሞት ይችላል። ሟርተኛ ተብሎ በድንጋይ የሚባረረው ጉጉት ደግሞ ሌሊት ሌሊት አይጥ የሚያድን ያለ ደመወዝ ዘበኛ ነው።

አጥር ሲታጠር የሚታሰበው ቁመቱ ነው፤ የሚበላሸው ግን ከታች ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ የተገዛ አጠና በግን ያቆማል፤ በእንጨቶቹ መሃል ዶሮ ትሾልካለች፣ አይጥ ደግሞ አውራ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስለዚህ ከታች በኩል ቀዳዳው ጠባብ ሽቦ ይታሰራል፤ ጫፉም መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከላይ የምትበር ዶሮ የአንድ ክንፏ ረጃጅም ላባዎች ቢከረከሙ ሚዛኗን ስለምታጣ አትሻገርም፤ አያማትም፣ ላባውም ተመልሶ ይበቅላል።

ፍልፈል ሲገባ ጉድጓዱን መድፈን የተለመደ ነው፤ እሱ ግን በጥርሱ ቆፍሮ ሌላ ይከፍታል። ሥር በል ስለሆነ ካሮትና ቀይ ሥር የሚተርፉት ከሥሩ ሽቦ በተነጠፈበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ሲዘሩ ነው።