በወረዳ ጽሕፈት ቤት ስላለው ኮምፒውተር አያያዝ፤ በታወከም ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የገበሬው የይዞታ መዝገብ፣ የማዳበሪያውና የምርጥ ዘሩ ድልድል ቀድሞ በወረቀት ይጻፍ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ብዙው በኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ የወረዳው ኮምፒውተር የታወከ እንደ ሆነ ጉዳቱ በጸሐፊው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሰኔ እርሻውን ትቶ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣው ገበሬ «ተበላሽቷል» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዳሩ ግን ተበላሸ ከሚባለው ብዙው በእውነት የተበላሸ አይደለም። ከመታወኩም ይልቅ የሚከፋው በችኮላ «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ መዝገቡ አብሮ የጠፋ እንደ ሆነ ነው። መሣሪያው በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይተካም። ሹማምንት ባለሙያ መሆን ባያስፈልጋቸውም ጸሐፊዎቻቸውን ለመጠየቅና ለማዘዝ እንዲመቻቸው ዋና ዋናውን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

1ኛ፤ አልበራ ሲል። አስቀድሞ መብራት መኖሩን፣ ገመዱ በግድግዳውም በኮምፒውተሩም በኩል ጠብቆ መግባቱን መመልከት ይገባል። ስክሪኑ የራሱ ገመድና ማብሪያ ያለው ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ስክሪኑ ብቻ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

2ኛ፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከ220 ቮልት በላይ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላልና፣ ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ መሰካት መልካም ነው። መብረቅ በሚበዛበት በክረምትም ወራት ማታ ሳይነቅሉ መሄድ አይገባም። ዩፒኤስ የተባለው መሣሪያ የተሠራው የተጻፈውን አስቀምጦ በደንብ ለመዝጋት እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም። የውስጡ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ስለሚደክም፣ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ባትሪው ነው። የሌዘር ማተሚያ ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ በዩፒኤስ ላይ አይሰካም።

3ኛ፤ ቀኑ ሲሳሳት። ኮምፒውተር በውስጡ የሚቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጸሐፊው የኛን ዓመተ ምሕረት ያስገባበት እንደ ሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የኢንተርኔት ገጾች መታወቂያ በቀን የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ «ቀኑ ገና ነው» ብሎ ገጹን አይከፍትም፤ ሰዎቹም ኔትወርክ የጠፋ ይመስላቸዋል። የተስተካከለው ቀን በየጧቱ ተመልሶ የሚሳሳት ከሆነ ግን፣ በውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የ3 ቮልት ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። ይህችን መለወጥ ቀላል ሥራ ነው።

4ኛ፤ ፊደሉ ሲለወጥ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሥርዐት የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ስፍራም ከዚያ በኋላ፣ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ የግእዙን መልክ በሚያስቀምጡ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እንዲህ ያለው መዝገብ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ጽሕፈት ሆኖ ይታያል። ይህ መጥፋት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ባለበት ኮምፒውተር ከፍቶ ማተም፣ ኋላም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል። ፊደሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ የታየ እንደ ሆነ ግን የጐደለው የዩኒኮዱ ፊደል ነውና፣ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ ፊደል ማስገባት ይበቃል።

5ኛ፤ ፍላሽ ሲታመም። በቫይረስ የተያዘ ፍላሽ ሲከፈት ፋይሉ ሁሉ የቀስት ምልክት ያለበት አቋራጭ ሆኖ ይታያል። ዋናው ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ተሰውሯል። አቋራጩን መንካት ቫይረሱን ያስነሣዋልና፣ በመጀመሪያ በጸረ ቫይረስ መመርመር፣ ከዚያ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ፣ መዝገቡንም ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። ፍላሹን ማጽዳት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

6ኛ፤ ሞባይል ውሃ ሲነካው። ወዲያው አጥፍቶ ሲም ካርዱን አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማድረቅ ነው። እርጥብ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ያቃጥለዋል። በሩዝ ውስጥ መቅበርም ብናኙን ወደ ቀዳዳው ከማስገባት በቀር አይጠቅምም። ባትሪው ያበጠ ሞባይል ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ግልባጭ መያዝ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የመዝገቡ ሁለት ግልባጭ ይውጣ፤ አንዱም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ፣ ኃላፊነቱ በታወቀ ሰው እጅ ተቈልፎ ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ግልባጭ እንዳለ አይቈጠርም። ሹሙም ጠጋኝ በመጣ ጊዜ «ስንት ይፈጃል?» ከማለቱ በፊት «መዝገቡ ተገልብጧልን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አልተገለበጠም» የሆነ እንደ ሆነ፣ እስኪገለበጥ ድረስ ማንም እጁን እንዳያገባበት ይከልክል።