ከባድ ማርሽ በዓባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከዓባይ ማዶ ወዳለው ሮብ ገበያ የሚሄድ ሰው የማርሽን ነገር የሚማረው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አይደለም፤ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃን መውረድ ሲጀምር ነው። ቅጥቅጡ ከአፋፉ ሲደርስ ሹፌሩ ወሬውን ያቆማል። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ ማርሹን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ያወርዳል። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን ይዘገያል። ልጅ ሳለሁ ይህ ግራ ይገባኝ ነበር። ሞተር እየጮኸ መኪና እንዴት ቀስ ይላል? አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት፦ "በከባድ ማርሽ ይዟት እኮ ነው፣ ልጄ።"

የዚያ መንገድ ሹፌር ሙያ ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። መንገዱ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ 1000 ሜትር ገደማ ወዳለው የወንዙ ሸለቆ ይወርዳል፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ደግሞ እስከ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። ይህ ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። የጫነ አይሱዙ ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ፔዳሉን ቢረግጡትም አይዝም። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ግን ነዳጅ የተነፈገውን ሞተር በግድ የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። እሱም እንዳይዞር ይታገላቸዋል፤ ያ ትግል ነው መኪናውን የሚይዘው። ዳገቱ ላይ ቆሞ መነሳት ሲመጣ ደግሞ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል፣ ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በስሱ እየለቀቀ ነዳጅ ይሰጣል። ያን የእግር ልክ ከረዳትነት ያልጀመረ ሰው ቶሎ አያገኘውም።

ማርሽ ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚኖረው በተወሰነ የዙር ፍጥነት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ሲወርድ ይጠፋል። ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የሞተሩን ብዙ ዙር በትንሽ የጎማ ዙር ይለውጣሉ፤ ፍጥነት ይሰጡና ጉልበት ይቀበላሉ። ፍሪሲዮን ደግሞ ጥርስ ሲቀየር ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያለያየው ዲስክ ነው። ቃሎቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፦ ማርሽ ከማርቻ፣ ፍሬን ከፍሬኖ፣ ፍሪሲዮን ከፍሪዚዮኔ፤ ካምቢዮም እንዳለ ተወስዷል። ሌላው ቀርቶ "መኪና" የሚለው ቃላችን ራሱ ጣሊያንኛ ነው። መኪናው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነበር፤ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው።

አሁን ይህ ሙያ እየሳሳ ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸናና ሞጣ ከሚመጡት ትንንሽ መኪኖች መካከል ፍሪሲዮን የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ በተለይ ቪትዝ። ሁለት ፔዳል፣ አንድ መዘውር፣ "ዲ" ላይ አድርጎ መንዳት። በአንዳንድ አገር ነገሩ ከተጠናቀቀ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት 100 አዲስ መኪኖች ማኑዋሎቹ (ባለ ፍሪሲዮኖቹ) 2 እንኳ አይሞሉም። መንገዱን የከፈተው "ሃይድራማቲክ" የተባለው የጄኔራል ሞተርስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 በኦልድስሞቢል መኪና ቀረበ፣ ብዙም ሳይቆይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለታንክ ሆነ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የውሃ ወፍጮን ማሰብ ይበቃል። በወፍጮ ላይ ውሃው መዘውሩን ሲመታ ድንጋዩ ይዞራል፤ ውሃውንና ድንጋዩን የሚያያይዝ ብረት የለም። እዚህም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ዘይት ይረጫል፣ ዘይቱ ፊት ለፊት ያለውን ሌላ መዘውር መትቶ ያዞራል። ይህን ያሰበው ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ለመርከብ ነበር። መኪናው ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም። ጥርሶቹን ደግሞ የዘይት ግፊት ራሱ ይቀይራቸዋል። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ቪትዞች ጭራሽ የሚቀየር የማርሽ ጥርስ የላቸውም። በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች መካከል የተወጠረ የብረት ቀበቶ ከፍ ዝቅ እያለ ይሠራል፤ ሆላንዳዊው ዳፍ ኩባንያ ይህን ዘዴ በጎማ ቀበቶ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

እኔ አውቶማቲክን አልጠላም። ጉልበቱ ለታመመበት፣ ለአዲስ ነጂ፣ በመገናኛ ወረፋ ላይ ለሚውል ሰው እረፍት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ፍሪሲዮኑ ሲቀር የቁልቁለቱ እውቀትም አብሮ እንዳይቀር። "ዲ" ላይ ሆኖ ዓባይ በረሃን የሚወርድ ሰው ነዳጅ ሲለቅ ካምቢዮው ወደ ቀላል ማርሽ ይሸሻል፤ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። እዚያው ከ"ዲ" ሥር ግን "2" እና "ኤል"፣ ባለ ቀበቶው ላይ ደግሞ "ቢ" ተጽፏል። እነዚህ ፊደላት የድሮው ከባድ ማርሽ ናቸው። ዓመታት ነድተው አንድ ቀን እንኳ ያልነኳቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድማ ከሁሉ የከፋ ነው። ያሁን ሞተሮች በቁልቁለት በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚዘጉ የሚቆጥበው ነገር የለም።

ዳገቱም የራሱ ጉድ አለው። ቢቸናና ሞጣ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። የደከመ ሞተር ያለው አውቶማቲክ ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ሲዋልል ዘይቱ ይግላል። እዚህም "2" ላይ ማሰር ይሻላል። ባትሪ የሞተበት ማኑዋል በጎረቤት ጉልበት ተገፍቶ ይነሳል፣ አውቶማቲክ ግን አይነሳም። ሲበላሽም የሚያንቀሳቅሱት ጎማዎች መሬት እየረገጡ ረጅም መንገድ መጎተት የለበትም፤ ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ነውና ጥርሶቹ ይቃጠላሉ።

በሮብ ገበያ የገበያ ቀን ማኑዋል ገና አልሞተም። እህል የሚጭነው አይሱዙ ማኑዋል ነው። ባጃጅም ማኑዋል ነው፤ ልጁ በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ እጀታውን እየጠመዘዘ ማርሽ ይቀይራል፣ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ለነገ ዳገት የሚሆነው ትምህርት ምናልባት እዚያ ይቆይ ይሆናል።

ግን ከአውቶማቲክም የባሰ ለውጥ መጥቷል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን ብቻ ሳይሆን የሚቀየር ማርሽም የለውም። ሞተሩ ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስላለው አንድ ጥርስ ይበቃዋል፤ የአየሩ መሳሳትም አይነካውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ድሮ በፍሬን ሸራ ላይ በከንቱ ይነድ የነበረው የዓባይ ቁልቁለት ጉልበት መብራት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል።

ሆኖም እዚህም የሚታወቅ ነገር አለ። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደጀን አድሮ እስከ 100 በመቶ የሞላ መኪና ጠዋት በረሃውን ሲጀምር ሞተሩ በሚገባ አይዝለትም፤ ነጂው እንደገና በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው ደጀን ላይ ሲሞላ 80 በመቶ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከቀረው ጥቂቱን ዓባይ ራሱ እስከ ድልድዩ ድረስ ይሞላለታል።