ድንኳን በሻንጣ፣ ማደሪያ ዲዝኒ ግቢ፦ በአውሮፕላን ሄዶ ካምፕ ለማደር ማወቅ ያለባችሁ

ከዘመዶቻችን አንዷ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሦስት ልጆች አሏት። ልጆቹ «ዲዝኒ መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ደግሞ የሆቴሉን ዋጋ ባየች ቁጥር ስልኳን አስቀምጣ «በሚቀጥለው ዓመት» ትላቸዋለች። ባለፈው ጁላይ ግን አንድ ነገር ሰማች፤ ለካ ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል! ወዲያው ቦታ ያዘች፣ ቲኬት ቆረጠች፣ ድንኳን ገዛች።

ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋ ሲመዘን ከ23 ኪሎ በለጠ። ተጨማሪ ላለመክፈል ከባድ ከባዱን አውጥታ ወደ እጅ ሻንጣዋ አዛወረች። ከባዱ ነገር ምን መሰላችሁ? የድንኳኑ የብረት ካስማዎች ናቸው። ፍተሻ ላይ ተወሰዱ። በረራው በዝናብ ምክንያት ዘገየና ካምፑ ሲደርሱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ሱቅ ተዘግቷል። ያን ሌሊት ድንኳኑን ከእንጨት ጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ አስራ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሻንጣ ጭና አደረች። ልጆቹ ለጥ ብለው ተኙ። እሷ ነፋስ በመጣ ቁጥር ድንኳኑን ስትይዝ ነጋ።

እንግዲህ እንዲህ እንዳይደርስባችሁ ነው ይህን ያዘጋጀነው። አሜሪካ ያላችሁ ለራሳችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ እዚያ ላሉ እህት ወንድሞቻችሁ ላኩላቸው።

ቦታው ምንድን ነው?

ፎርት ዊልደርነስ ይባላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ባለው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ ነው የሚገኘው። ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲከፈት፣ ካምፑ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተከተለው። ስፋቱ 750 ኤከር፣ ማለትም ወደ 300 ሄክታር ነው። አብዛኛው ጥድና ሌላ ዛፍ የበዛበት ደን ነው፤ መሀሉ ላይ የመኪና ቤት ይዘው የሚመጡ፣ ድንኳን የሚተክሉና ከእንጨት ቤት መሰል ካቢኖች የሚከራዩ ሰዎች ተቀላቅለው ያድራሉ።

ቦታ ስትይዙ «ድንኳን ወይም ፖፕ-አፕ» የሚለውን ምረጡ። ከካምፕ ቦታዎቹ ርካሹ ይሄ ነው። ሌሎቹ የመኪና ቤት ላላቸው ሰዎች የፍሳሽ መስመር ያላቸው ናቸው፤ ለእናንተ ምንም አይጠቅሙም። አንድ ቦታ እስከ 10 ሰው ይይዛል። የቧንቧ ውሃ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ጠረጴዛ ከነአግዳሚው፣ የከሰል ግሪልም አለው። አዎ፣ ኤሌክትሪክ አለ! ስለዚህ ኤክስቴንሽን ገመድና ትንሽ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ከያዛችሁ በበጋ ሌሊት ትመርቁናላችሁ። ዋይፋይም አለ። ሽንት ቤት፣ ሙቅ ሻወርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ኤሲ ባላቸው የጋራ ቤቶች ውስጥ ታገኛላችሁ።

ዋጋው በየሌሊቱ ይለያያል። የትምህርት ቤት እረፍትና የገና ሰሞን በጣም ይንራል፤ ተራ የሥራ ቀን ደግሞ ይቀንሳል። ቀናችሁ የማይነቃነቅ ካልሆነ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ያሉትን ሌሊቶች መጀመሪያ እዩ። መግቢያው ከቀኑ ሰባት ሰዓት (ስልካችሁ ላይ 1 የሚለው)፣ መውጫው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው።

ሻንጣው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው

መጀመሪያ ስለ ክብደት። ብዙዎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለአንድ የሚጫን ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ወይም 50 ፓውንድ ነው። ድሮ በአውሮፕላን ሄዶ ካምፕ የሚያድር ሰው ሳውዝዌስትን ይመርጥ ነበር፤ ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭን ስለነበር። ይሄ ግን እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2025 ወዲህ ለተቆረጠ አብዛኛው ቲኬት ቀርቷል። ስለዚህ አሁን ሒሳብ መሥራት አለባችሁ። ለአንድ ሻንጣ ደርሶ መልስ የምትከፍሉት ገንዘብ ኦርላንዶ ዋልማርት ገብቶ መናኛ ድንኳን ሊገዛ ይችላል። ቤት ውስጥ ጥሩ ድንኳን ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ግን አዲስ ገዝቶ፣ ከፍሎ ጭኖ፣ ከፍሎ መመለስ ትርጉሙ አይታየንም። ድንኳን ተክለው የሚጠብቁ የግል አከራዮችም አሉ፤ ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ካስማ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚጫነው ይገባል። ቢላዋም እንደዚያው። የካምፕ ምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ ግን በየትኛውም አይገባም፤ ተጭኖም ቢሆን፣ በእጅም ቢሆን አይቻልም። ምድጃውን ራሱን ብትይዙ እንኳ ተጠርጎ፣ የጋዝ ሽታ የሚባል የሌለው መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር ምድጃ ለምን ትሸከማላችሁ? ቦታው ላይ ግሪል አለ፤ ከሰል እዚያው ይገዛል። ክብሪትም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው።

ፓወር ባንክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፣ በእጃችሁ ነው የምትይዙት። ጣሪያው 100 ዋት-አወር ነው። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው በሚሊአምፕ-አወር ስለሆነ ወደ 27,000 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

የእኛ ሰው ጥያቄ ደግሞ ሁሌ ምግብ ላይ ነው። እንጀራ ደረቅ ምግብ ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ይገባል። ወጥ፣ ቅቤና አዋዜ ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚታዩት፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። ወጡ ፍተሻው ጋ ሲደርስ ድንጋይ ሆኖ የበረደ ከሆነ ያልፋል፤ ማቅለጥ ከጀመረ ግን ቻው። ሽሮና በርበሬ ዱቄት ናቸው፤ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር ዕቃ በላይ ከሆኑ ለብቻቸው ይፈተሻሉ፣ ሊያስቀሯቸውም ይችላሉ። ቀይ ዱቄት ለፈታሽ ከማስረዳት በሚጫነው ሻንጣ አስገብቶ መገላገል ነው። ጀበናም ከያዛችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ ከእጃችሁ አትለዩት። ግሪሉ ላይ ቡና ማፍላት ደስ ይላል፤ ጎረቤት የመኪና ቤት ያላቸው ፈረንጆች ሽታውን ተከትለው መምጣታቸው አይቀርም።

ከኤርፖርት ወደ ካምፑ

ድሮ ዲዝኒ ከኤርፖርት በነፃ የሚያመላልስ ማጂካል ኤክስፕረስ የሚባል አውቶቡስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ቆሟል። አሁንም ብዙ የቆዩ ቪዲዮዎች «በነፃ ይወስዷችኋል» ስለሚሉ እንዳትሸወዱ። ዛሬ ያለው ምርጫ እየከፈሉ የሚሳፈሩበት የጋራ አውቶቡስ፣ ኡበርና ሊፍት፣ ወይም መኪና መከራየት ነው።

መኪና ያስፈልጋል ወይ? በእኛ እምነት ግዴታ አይደለም። ካምፑ ውስጥ የራሱ አውቶቡሶች ይዞራሉ፤ ወደ ማጂክ ኪንግደም በጀልባ፣ ወደ ሌሎቹ ፓርኮች በአውቶቡስ ነው የሚኬደው፤ ሁሉም በነፃ ነው። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ከድንኳናችሁ እስከ ጣቢያው በውስጥ አውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ አውቶቡስ ወይም ጀልባ ነው። ፓርክ ለመግባት ባሰባችሁበት ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። አንዳንዱ ሰው የጎልፍ መኪና ይከራያል፤ ደስ ይላል፣ ግን በጀቱን ይበላል።

ምግብና ውሃ በስልክ አዛችሁ ካምፑ ድረስ ማስመጣት ይቻላል። ካምፑ ውስጥ ሁለት ሱቆች አሉ፣ ግን የቱሪስት ዋጋ ነው።

እና እባካችሁ፣ ቀን የሚገባ በረራ ምረጡ። ሃምሳ ዶላር ቢወደድም እንኳ። በማታውቁት ደን ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከደከማቸው ልጆች ጋር ድንኳን መትከል ምን እንደሚመስል ዘመዳችንን ጠይቋት። እኛ አገር ድንኳን ሲተከል ሰፈር ይሰበሰባል፤ እዚያ ግን ብቻችሁን ናችሁ። ከጉዞው በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሳሎን ውስጥም ቢሆን ተክላችሁ ሞክሩት።

ዝናብ፣ መብረቅና አዞ

የፍሎሪዳ በጋ ማለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ማለት ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በአብዛኛው ቀን ከሰዓት ነጎድጓድ ይመጣል፣ ያጥባል፣ ይሄዳል። ድንኳን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ሻወር ቤቶቹ ግቡ። ድንኳኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ እንደሚረጥብ አስባችሁ ልብሱን በፌስታል አድርጉ።

የሃሪኬን ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 ሚልተን የተባለው ሃሪኬን ሲመጣ ካምፑ ተዘግቶ ነበር፤ በድንኳን ሃሪኬን አይታለፍም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የምትሄዱ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የመሰረዣ ደንቡን አንብቡ፣ የአውሮፕላን ቲኬታችሁም ቀን መቀየር የሚፈቅድ ይሁን። ጃንዋሪና ፌብሯሪ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ግን «ፍሎሪዳ ሁሌ ሙቅ ነው» ያላችሁን አትመኑ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

አዞ አለ ወይ? አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሐይቅ ካለ አዞ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 እዚያው ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ባለ ሌላ ሆቴል ዳርቻ የሁለት ዓመት ሕፃን በአዞ ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው በየዳርቻው የማስጠንቀቂያ ምልክትና አጥር የተደረገው። ልጆች ውሃ ዳር እንዳይጫወቱ፣ በተለይ ሲመሽ። መዋኘት ካማራቸው ገንዳ አለ። ራኩን የሚባለው እንስሳ ደግሞ ማታ ማታ ምግብ ይሰርቃል። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መተኛት አይቻልም፤ ለእንጀራውም አይራራም።

በመጨረሻ ያዋጣል ወይ?

እዚህ ላይ እንዳንዋሽ። ድንኳኑ የሚቆጥብላችሁ የማደሪያውን ብቻ ነው። የፓርክ መግቢያ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ119 ዶላር ይጀምርና በበዓል ሰሞን 200 አካባቢ ይደርሳል። አምስት ሰው በዝቅተኛው እንኳ ብናሰላው ለአንድ ቀን 595 ዶላር ነው (ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በነፃ ይገባሉ፣ ከ3 እስከ 9 ያሉት ትንሽ ይቀንስላቸዋል)። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከግቢው ውጪ ያለ መናኛ ሞቴል ሊረክስ ይችላል፣ አልጋም አለው። ካምፑ የሚያዋጣው ሰብሰብ ብለው ለሚሄዱ ነው። ሁለት ቤተሰብ አንድ ቦታ ሲካፈል ልዩነቱ ይታያል።

እኛ ብንሆን አራት ሌሊት ይዘን ፓርክ የምንገባው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱም ካምፑ ራሱ ልጆችን ያውላል። ማታ ማታ ቺፕና ዴል የሚባሉት ገጸ ባሕርያት መጥተው እሳት ዳር መዝሙር አለ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ፊልም ይታያል፤ ክፍያ የለውም። ሐይቁ ዳር ከቆማችሁ የማጂክ ኪንግደም ርችት ይታያችኋል። ከ1971 ጀምሮ የሚሄደው የመብራት ጀልባዎች ሰልፍም በዚያው ያልፋል። የዘመዳችን ትንሹ ልጅ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ፓርኩ አይደለም፤ ስለዚያ ሰልፍና «እማዬ ድንኳኑን ስትይዝ ያደረችበት ሌሊት» ነው።

እሷ ደግሞ ለፌብሯሪ እረፍት እንደገና ቦታ ይዛለች። በረራው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የሻንጣ ሚዛን በ12 ዶላር ገዝታለች፣ ካስማዎቹንም ከሁሉ በፊት የሚጫነው ሻንጣ ሥር አስገብታ ፎቶ ልካልናለች።