የፈላና በር ጅቦች በሳይንስ ዓይን፦ ሥራቸው ስንት ያወጣል?

በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አካባቢ ከወደ ግብፅ አንድ የሳይንስ ዜና ወጥቶ ብዙ ቦታ ሲቀባበል ነበር። በግብፅ ምድር ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ነጠብጣብ ጅብ ታየ የሚል። እኛ ሐረሮች ይህን ስናነብ "ይሄ ደግሞ ዜና ነው እንዴ?" ብንል አይፈረድብንም። ማታ ከመግሪብ በኋላ ፈላና በር ጎራ ያለ ሰው 5 ሺህ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ትንሽ ቢታገስ ይበቃዋል።

ዜናው ግን ዜና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ግብፅ ውስጥ ያለው ሸንተረር ያለው የጅብ ዘር ነው። የእኛው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ እዚያ ከጠፋ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን አንዱ ከሱዳን ድንበር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በደቡብ ምሥራቅ ግብፅ ኤልባ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ ተገኘ። ከሚታወቅበት የመኖሪያ ክልል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በቅርብ ዓመታት አካባቢው ዝናብና ሣር ስላገኘ መንገድ ሳይከፍትለት አልቀረም። መጨረሻው ግን አላማረም። ሁለት ፍየል በላ፣ የአካባቢው ሰዎች ተከታትለው ገደሉት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንደሚባለው፣ ለዚህኛው ቁርበት የሚያነጥፍለት አልተገኘም።

እዚህስ? ሐረር ለዘመናት ቁርበቱን አንጥፋ ኖራለች። በጀጎል ግንብ ላይ ዋራባ ኑዱል፣ ማለትም የጅብ ቀዳዳ የሚባሉ መግቢያዎች አሉ። ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር በኩል ማታ ማታ ጅብ ሥጋ የማብላቱ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። በአሹራ ዕለት ጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል፣ አበላላቸው ታይቶም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል። አንጋፋዎቹ "ጅብ ጂን ይበላልናል" ይላሉ። የአውስትራሊያው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ ሮክ እዚሁ ኖሮ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ሐረር ሰውና ጅብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

ታዲያ ጅቡ በእርግጥ የሚበላልን ነገር አለ? ሳይንስ ይህን ጥያቄ አገራችን ውስጥ ቆጥሮና ሰፍሮ መልሶታል።

▪️ የመቐለው ስሌት

ቺንማይ ሶናዋኔ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋ እና ኒል ካርተር ያደረጉት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በመቐለ ዙሪያ ያሉትን ጅቦች ብዛት፣ የሚበሉትን መጠንና የበሽታን መተላለፍ አንድ ላይ አሰሉ። ያገኙት ይህን ነው፦

– 210 የሚሆኑ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ ያነሳሉ። አንድ ጅብ በዓመት አንድ ቶን ገደማ ማለት ነው።
– በዚህም በዓመት 5 ሰዎችና 140 ከብት፣ በግና ፍየል በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ ይድናሉ።
– በገንዘብ ሲተመን በዓመት ከ50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው።

ቁጥሮቹ የመቐለ ናቸው፣ እንዳለ ወደ ሐረር መገልበጥ አይቻልም። መርሁ ግን አንድ ነው። ጥንብ ተጥሎ በሰነበተ ቁጥር በሽታው ወደ አፈር፣ ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ ይገባል። ጅብ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሥጋውንም አጥንቱንም ይጨርሰዋል። የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ አጥንት ይፈጫል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው በአጥንቱ ካልሲየም ምክንያት ነው።

▪️ ምግቡ ሲቋረጥስ?

ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የጅቦቹ ማዕድ ይነጥፋል። ተመራማሪዎቹ በትግራይ የጅቦችን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከመቶ 15 ገደማ ነበር፣ በጾሙ ወቅት ወደ 33 አደገ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ተረፈ ሥጋ ያጣው ጅብ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው።

ለሐረር ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ይመስለናል። ከተማ ሲያድግ ቆሻሻ መጣያው ይታጠራል፣ ቄራው ይዘምናል፣ ጅቡ የሚያድርበት ቁጥቋጦ ቤት ይሠራበታል። ከተማ አይደግ ማለታችን አይደለም። ግን የጅቡን ማዕድ በአንድ ጊዜ ዘግተን ምንም ካላሰብንበት ዕዳውን የሚከፍለው የአርሶ አደሩ አህያና ፍየል ነው።

▪️ ጥንብ በል ሲጠፋ ምን ይመጣል?

ሕንድ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሳዎችን በገፍ ፈጀ። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የባለቤት አልባ ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ፣ ውኃ ተበከለ። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ ከ2000 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ ተጨማሪ ሰዎች ሞተዋል።

በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመቐለውን ጥናት የሠራው ያው ሶናዋኔ የተሳተፈበት ጥናት ዓለምን በሙሉ ተመለከተ። ጥንብ ከሚበሉ ከ1,300 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች 36 በመቶው ለመጥፋት የተቃረቡ ወይም ቁጥራቸው እየቀነሰ ያለ ነው። ትልልቆቹ ሲጠፉ እንደ አይጥና ባለቤት አልባ ውሻ ያሉት ይበዛሉ፣ እነሱ ደግሞ ሥራውን አይሸፍኑም፣ በሽታም ይዘው ወደ ቤታችን ይጠጋሉ።

▪️ ጅብ ግን ጅብ ነው

ይህን ሁሉ ስንል ጅብ ለማዳ ነው አላልንም። ከብት ይፈጃል፣ ሰውም ይነክሳል፣ እንደ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ፦

👉 ልጆችን ሌሊት ብቻቸውን አትልቀቁ። ፈላና በር ስትሄዱም ጅቡን ከሚያውቀው አብይ ሰው ምክር አትውጡ።
👉 ጅብም ሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።
👉 ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ አትጣሉ። ጅቡም አሞራውም ያንኑ ይበላዋል።
👉 በድንገት የሞተ ከብት ሲያጋጥማችሁ አትረዱት፣ ሥጋውንም አትብሉ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

የግብፁ ጅብ ሁለት ፍየል በልቶ ሕይወቱን ከፈለ። የእኛዎቹ በየሌሊቱ እየሠሩ ደመወዝ ጠይቀው አያውቁም። ከተማችን የወደፊት ፕላኗን ስታወጣ እነሱ የሚያልፉበትን መንገድ አብራ ብታስብበት፣ ውለታ መዋሏ አይደለም፤ የራሷን ጤና መጠበቋ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሰፈራችሁ የጅቡ ቁጥር ቀንሷል ወይስ ጨምሯል? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፣ ለሌሎችም እንዲደርስ አጋሩት።