ፍጻሜው የማይነገር ፊልም

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውሃ በሚያለብሱት ጊዜ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እንቆቅልሽ መጫወት የቆየ የቤተ ሰብ ልማድ ነው። አንዷ ልጅ «እንቆቅልሽ» ስትል የቀሩት «ምን አውቅልሽ» ይላሉ። መላሾቹ ቢያቅታቸው ፍቺውን ወዲያው አትገልጥላቸውም፤ «አገር ስጡኝ» ብላ ዋጋዋን ትጠይቃለች። አንዱ ጎንደርን፣ ሌላው ደብረ ታቦርን ይሰጣታል፤ እርስዋም አገሩን ከተቀበለች በኋላ ፍቺውን ትናገራለች። አንድን ከተማ እስከ መስጠት የሚያደርስ ነገር ምንድን ነው ቢሉ፣ ያልታወቀውን ለማወቅ ያለን ጉጉት ነው።

ዛሬ ልናወሳው ያሰብነው ልብ አንጠልጣይ የምሥጢር ፊልምም የተመሠረተው በዚሁ ጉጉት ላይ ነው። አንድ ሰው ይጠፋል፣ ወይም አንድ በደል ይፈጸማል፤ ማን እንዳደረገው፣ ስለ ምንስ እንዳደረገው እስከ መጨረሻው ተሰውሮ ይቆያል። እንዲህ ያለው ፊልም እንደ ወረታ ባለች ከተማ ለሕዝብ የሚታይ ቢሆን፣ ማስታወቂያው እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል? ቤተ ሰብስ ማስታወቂያውን በምን ዓይን ሊመለከተው ይገባል?

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ወደ ገበያ ባወጣ ጊዜ ከጆንያው ዘግኖ ያሳያል፤ ገዢውም በመዳፉ አገላብጦ አይቶ ይገዛል። የምሥጢር ፊልም የሚያሳይ ሰው ግን ዕቃውን አውጥቶ ቢያሳይ ዕቃው በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሳያሳይ እንዲታመን፣ ሳይገልጥ እንዲፈለግ ማድረግ ግዴታው ነው።

ሁለተኛውም ችግር ከዚህ የከፋ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ወሬ አያድርም። ፊልሙን ትናንት ያየ ሰው በማግሥቱ በመናኸሪያው፣ በገበያውና በቡና ላይ ያወራዋል። ይህ ወሬ ከማናቸውም የግድግዳ ወረቀትና ከማናቸውም የድምፅ ማጉያ ይልቅ ተመልካች ይጠራል። ነገር ግን ያው ሰው አንዲት ቃል ጨምሮ በደለኛው ማን እንደ ሆነ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ሰምቶ ለመጣው ሰው የቀረ ነገር የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሊመልሰው አይችልም። የምሥጢር ፊልም በሰው አፍ ይኖራል፤ በሰው አፍም ይሞታል።

ይህን ችግር በሌላ አገር የነበሩ ባለሙያዎች ቀድመው አስበውበታል። አንሪ ዦርዥ ክሉዞ የተባለው ፈረንሳዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ባወጣው ልብ አንጠልጣይ ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ተመልካቾች ያዩትን ለወዳጆቻቸው እንዳይነግሩ የሚለምን ጽሑፍ አኖረ። አልፍሬድ ሂችኮክም በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ባሳየ ጊዜ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አዘዘ፤ ይህንንም ትእዛዝ ራሱን የፊልሙ ማስታወቂያ አደረገው። በለንደንም የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ቴአትር ከ1952 ጀምሮ ሲታይ፣ በመጨረሻው ተመልካቹ ምሥጢሩን እንዲጠብቅ ከመድረክ ይለመናል። ሕዝብን አምኖ አደራ መስጠት ከሁሉ የበለጠ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ።

በአገራችን ሲኒማ የጀመረው በጥርጣሬ ነበር። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው፤ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ያስደነግጥ ነበርና። በ1957 ዓ.ም. ግን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ነበር። ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው። ስሙን በግድግዳ ላይ ያነበበ ሰው መልሱን ሳይሻ ሊያልፍ አይችልም፤ ከዚህ የሚያጥር ማስታወቂያም አይገኝም።

ለፎገራ ሰው ይልቁን የሚቀርበው የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከጀርመን አገር ተምሮ በጣና ዳር ወዳለች መንደሩ በተመለሰ ሐኪም ነው። ሰውየው አንድ እግሩ የለውም፤ እንዴት እንዳጣውም አያስታውስም። ተመልካቹ ከእርሱ ጋር ወደ ኋላ እየሄደ ትዝታውን ይለቅማል። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸልሞአል። እግሩ እንዴት እንደ ታጣ ለመናገር ግን እኛም አንደፍርም፤ ያላየው አንባቢ ይቀየመናል።

ይኸው ሰው ቀደም ብሎ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ባሉት ጊዜ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳይቶታል፤ ያዩት ሰዎችም ላላዩት እየነገሩ አዳራሹን ሞልተውለታል። ብዙ ገንዘብ የሌለው የትንሽ ከተማ ሲኒማ ከዚህ የሚማረው አለ።

እንግዲህ ወረታን በመሰለች ከተማ ፊልም የሚያሳይ ሰው ማስታወቂያውን መናኸሪያው አጠገብ ቢሰቅል መልካም ነው። በላዩም የፊልሙን ስም፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ ቋንቋውን፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀድ በግልጥ ይጻፍ፤ ከታሪኩ ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ትበቃዋለች። ሰዓቱን ያክብር፤ የምሥጢር ፊልም ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለ ሆነ፣ ዘግይቶ የገባ ሰው በሩን ያለ ቁልፍ ይገፋል። ከሁሉም በላይ በፊልሙ ውስጥ የሌለውን ደም፣ የሌለውንም ድብድብ በወረቀቱ ላይ አይሳል። በትልቅ ከተማ የተታለለ ተመልካች ቢሄድ ሌላ ይተካል፤ በትንሽ ከተማ ግን የተታለለው ሰው ነገም ጎረቤት ነው።

ለወላጆችም የሚነገር አለ። እንዲህ ያለው ፊልም ግድያና ሽብር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ልጆችን ከመላክ በፊት ማስታወቂያውን ማንበብና ያየውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዕድሜያቸው የሚስማማ ሲሆን ግን አብሮ አይቶ አብሮ መነጋገር ጥቅም አለው። «መጀመሪያ የጠረጠርከው ማንን ነበር? ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ የጠረጠረው ንጹሕ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ይህም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በመጽሐፈ ሶስና ሁለቱ ሽማግሎች በሐሰት በመሰከሩባት ጊዜ ጉባኤው ሁሉ አምኖ ሞት ፈርዶባት ነበር። ብላቴናው ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ፣ ኃጢአቱ የተሠራው በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ለየብቻ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ቢጠሩ ሐሰታቸው ተገለጠ። አንዲት ጥያቄ የንጹሕን ሰው ነፍስ አዳነች። በየሰፈሩ ዕቃ ጠፋ በተባለ ቍጥር አንዲት ሠራተኛ ወይም አንድ ድኻ ልጅ ሳይጠየቅ በሚወነጀልበት ጊዜ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ምሳሌ የሚያስብ ልጅ ማሳደግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፊልሙን አይቶ የተመለሰ ሰውም አደራውን ይጠብቅ። ጎረቤቱ በማግሥቱ «ለመሆኑ ማን ሆኖ ተገኘ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመልስለት ቃል ከእሳት ዳር የተማረው ነው፤ «መጀመሪያ አገር ስጠኝ» ይበለው። ጎረቤቱ ጎንደርን ቢሰጠው እንኳ፣ ትኬቱን ቆርጦ ራሱ ሄዶ እንዲያይ ይምከረው።